የዘይነባ ኮምፒውተር የትኛው ነው?

መካነ ሰላም ውስጥ "ኮምፒውተር አለኝ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትቸኩሉ። የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት። አንዱ ስክሪኑን ነው የሚላችሁ። ሌላው ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ጥቁር ሳጥን፣ ሲፒዩ የምንለውን። አንዳንዱ ደግሞ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ላዩ ላይ የለበሰውን ዳንቴል ነው። ትስቃላችሁ? አንድ መሥሪያ ቤት አውቃለሁ፤ ስሙን ተዉት። የኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ዳንቴል የለበሰ፣ አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ የተቀመጠበት ኮምፒውተር አለ። አንድ ቀን ጸሐፊዋን "ይሠራል?" ብዬ ብጠይቃት ነውር የተናገርኩ ያህል ደነገጠች። "ኧረ መምህር! ማንም ነክቶት አያውቅም፤ አዲስ እኮ ነው" አለችኝ። እኔ እዚያ ቢሮ መመላለስ ከጀመርኩ ጀምሮ አዲስ ነው።

መምህር ያለችኝ አይሲቲ ስለማስተምር ነው። በየዓመቱ መጀመሪያ ተማሪዎቼን "ኮምፒውተር ምንድን ነው?" እላቸዋለሁ። መጽሐፉ ላይ ያለውን በቃላቸው ያወርዱልኛል። እኔም "ጎበዞች" ብዬ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አልፋለሁ። ነገሩ እንዲህ ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ ጥያቄው ሽማግሌ ፊት እስኪቀርብ ድረስ። አዎ፣ ሽማግሌ ፊት። ሰው በመሬት ይካሰሳል፣ በከብት ይካሰሳል። በእኛ ከተማ ግን ባልና ሚስት "ኮምፒውተሩ የትኛው ነው?" ብለው ለሽምግልና ተቀምጠዋል። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ አዋቂ ተብዬ ተጠርቼ።

ሚስትየው ዘይነባ ትባላለች። ጎረቤቴ ናት። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ መንገድ ዳር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ቤቱን ከአባቷ ነው የወረሰችው፤ ፊቱ ሱቅ፣ ጓሮው መኖሪያ። ከወግዲ ይምጣ ከሳይንት፣ ማመልከቻ የሚያጽፍ ሁሉ እሷ ዘንድ ነው የሚወርደው። ስትጽፍ ኪቦርዱን አታየውም። እንዲያውም ባለጉዳዩን እያየች ነው የምትጽፈው፤ "እውነትህን ነው?" በሚል ዓይን። በዚህ የተነሳ መዋሸት አቅቶት ማመልከቻውን ያሳጠረ ሰው ብዙ ነው።

ያኔ ሱቁን እንደከፈተች ሰሞን ፍላሽ ማለት ጉንፋን ማለት ነበር። አንዱ ካንዱ ይዞ ይመጣና ቤቱን ሁሉ ያስነጥሰዋል። የዘይነባ ኮምፒውተር በየሳምንቱ ይታመማል፣ እኔ እየሄድኩ ፎርማት አደርጋለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ፎልደሩ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይሮ የአንድ ምስኪን ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ድራሹ ጠፋ። ሰውየው ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። ዘይነባ አለቀሰች። እኔም እልህ ያዘኝና ሊኑክስ ጫንኩላት።

"ምንድን ነው ደግሞ እሱ?" አለችኝ።

ሲስተም ነው አልኳት። በዓለም ያለ ሰው ተጋግዞ የሚሠራው፣ ማንም በነፃ የሚወስደው።

"እንደ ደቦ?"

"እንደ ደቦ።"

"በደቦ የተሠራማ አይፈርስም" አለችና ተስማማች። እኔ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ሳብራራው ኖሬ እንዲህ አሳጥሬው አላውቅም።

ደንበኞቿ ግን በቀላሉ አልተቀበሉትም። አንድ የወግዲ ሰው ማመልከቻው ተጽፎ፣ ታትሞ፣ በእጁ ከያዘው በኋላ "ይኼ ኮምፒውተር አይደለም" ብሎ ድርቅ አለ። ለምን ቢባል፣ እሱ የሚያውቀው ኮምፒውተር ሲከፈት ይጮሃል፤ ይኼ ዝም ብሎ ነው የተከፈተው። ሳይጮህ የጻፈውን ደግሞ ፍርድ ቤት አይቀበለውም። ዘይነባ ምን አደረገች መሰላችሁ? ሞባይሏን አውጥታ አንድ ጊዜ አስጮኸችለት። ሰውየው መርቋት ሄደ።

እንግዲህ ልብ በሉ። እኔ ያንን ሲስተም ስጭን ፀጉር ነበረኝ። ዘይነባ ከዚያ ወዲህ ፕሪንተር ቀይራለች። ኪቦርዱ ፊደሉ ጠፍቶ ቀይራለች። ማውዝማ አትጠይቁኝ። ሲፒዩው ግን ያው ነው፤ ፎርማት የሚባል ነገር ዳግመኛ አላየም። መብራት እንደሆነ የእኛን አገር ታውቁታላችሁ፤ ሲሄድ አይሰናበትም፣ ሲመጣም አይጠራም። መብራት ሲሄድ ሲፒዩው ይጠፋል፤ ሲመጣ ካቆመበት ይነሳል። ሻይ ቤት ስቀመጥ ስለዚህ ሳጥን ሳላወራ የተነሳሁበት ቀን የለም። ከላይ ሰፈር ሌላ ጽሕፈት ቤት ያለው አለባቸው የሚባል ሰው አለ፤ የእሱ ኮምፒውተር በታመመ ቁጥር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ አውቶብስ ላይ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ደሴ ድረስ ያሳክመዋል። ከደሴ ሲመለስ ባገኘሁት ቁጥር "እግዜር ይማረው" እለዋለሁ። ይጠላኛል። እውነቱን ነው።

አሁን ወደ ባልየው። ይመር ይባላል። እሱና ዘይነባ እንደተጋቡ ብዙም ሳይቆይ ሪያድ ሄደ። እዚያ ለዓመታት የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነበር፤ ጎበዝ ጠጋኝ። ከዚያ ናፍቆቱ ሲበዛበት ጠቅልሎ መጣ። የት? መካነ ሰላም። ወገኖቼ፣ መካነ ሰላም ውስጥ ማቀዝቀዣ የሚጠግን ሰው ምን ይሠራል? እኛ ሐምሌ ላይ ጋቢ ደርበን፣ ከጋቢው ላይ ካፖርት ደርበን ነው በረዶውን የምናየው። ማቀዝቀዣችን ከሰማይ ነው የሚመጣው፤ ተበላሽቶም አያውቅም።

ሲመጣ ሁለት ነገር ይዞ ነበር። አንዱ በር የሚያህል ቴሌቪዥን። ሌላው ለዘይነባ ስጦታ፣ ብርማ ላፕቶፕ። ላፕቶፑ ሲታይ ያምራል። ዘይነባ አመስግና ትሠራበት ጀመር። ክረምቱ ገባ፣ መብራት ሄዶ መጣ፣ ሄዶ መጣ፣ ከዕለታት አንድ ቀን ላፕቶፑ አልነሳ አለ። ይመር ፈታው፣ ገጠመው፣ እፍ አለበት፤ አልሆነም። ዘይነባ ምንም ሳትናገር ወደ ጥቁሩ ሳጥኗ ተመለሰች። ያ ምንም ሳትናገር መመለሷ ነው ይመርን ያሳመመው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ቴሌቪዥኑን ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀሉትና የሲፒዩው ስክሪን ሆነ፤ የድሮው ስክሪን ደብዝዞ ነበርና። አሁን ዘይነባ ማመልከቻ ስትጽፍ ፊደሉ የክንድ ያህል ነው። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ያነባል። አንዱ ወንድሙን ሊከስ መጥቶ ሲያስጽፍ ከኋላ የቆመ ሰው "ውሸት ነው፣ ያንን በሬ አባታቸው ናቸው ለወንድምየው የሰጡት" ብሎ አሳረመው። እንዲያም ሆኖ ሥራው ይሄድ ነበር።

ይመር ግን ሥራ የለውም። ሥራ የለመደ እጅ ደግሞ አይቀመጥም። የሚሠራውን የበር ቁልፍ "ላስተካክለው" ብሎ ፈታው፤ በሩ ከዚያ ወዲያ በድንጋይ ነው የሚዘጋው። ምድጃውን ፈታ። የሚሠራውን ሁሉ ይጠግናል። ማታ ማታ ደግሞ ሰው ሰብስቦ ሱቁ ውስጥ ኳስ ያሳያል፤ የዘይነባ ወረቀት በጫማ ይረገጣል። አንድ ቀን መፍቻ ይዞ ወደ ፎቶ ኮፒው ሲጠጋ ዘይነባ በሰው ፊት ጮኸች። "ኧረ በአላህ ይመር፣ የሚሠራ ነገር አትንካ!"

እሷ ስለ ማሽኑ ነው የተናገረችው። እሱ የሰማው ሌላ ነው። "የእኔ እጅ ካላስፈለገ እኔም አላስፈልግም" አለ፤ ነገር ነገርን እየሳበ ከረመ፤ በመጨረሻ በንዴት፣ ወንድሙ ባለበት፣ አንድ ጊዜ "ፈትቼሻለሁ" የምትለዋን ቃል አወጣት። ልብሱን ይዞ ወንድሙ ቤት ገባ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ዋናው ሸህ እንድሪስ ናቸው፤ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን የሚያቀሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ። ከእሳቸው ጋር ጡረተኛው ጋሽ ጌታቸው አሉ፤ በእኛ ሰፈር የክርስቲያኑም የእስላሙም ጠብ ያለ ጋሽ ጌታቸው አይታረቅም። ሊያስማሟቸው ሞከሩ፤ ሁለቱም ኮሩ። እንግዲያው ዕቃ ይከፈል ተባለ። ቤቱ የእሷ ነው፣ ክርክር የለውም። የቀረው በአጭሩ ተቆረጠ፦ ኮምፒውተሩ ለዘይነባ፣ ቴሌቪዥኑ ለይመር። ሁለቱም "እሺ" አሉ፣ ፋቲሃ ተቀራ፣ ተበተኑ።

በማግሥቱ ይመር ጋሪ ይዞ መጣ። ቴሌቪዥኑን አውርዶ ጫነ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሲፒዩውን ነቀለና ጫነ። ዘይነባ መጀመሪያ የሚቀልድ መሰላት። ጋሪው ሲንቀሳቀስ ሮጣ ወጥታ የፈረሱን ልጓም ያዘች።

"የት ነው የምትወስደው? ኮምፒውተሩ የእኔ ነው!"

"ኮምፒውተርሽን ጠረጴዛው ላይ ትቼልሻለሁ" አላት። ላፕቶፑን ነው። "ይኼ የቴሌቪዥኑ ዕቃ ነው። አብሮ ነው የሚሠራው።"

ሰፈሩ ተሰበሰበ። ሴቶቹ ከዘይነባ፣ ኳስ ተመልካቹ ከይመር ቆመ። ፈረሱ ብቻ ነው መሀል የቀረው። ቤተሰብ የሚያድርበት ሥራ ጋሪ ላይ ተጭኖ እያየሁ እኔም ገብቼ ልጮህ ስል፣ ጋሽ ጌታቸው ደርሰው ጋሪውን እንዳለ ወደ ሸህ እንድሪስ ግቢ አስነዱት። "አንተም ና" አሉኝ። "ዛሬ የተማርከው ይፈለጋል።"

ግቢው ውስጥ በርጩማ ወጣ፣ ሻይ ቀረበ። ሸህ እንድሪስ ሁለቱንም ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ።

"መምህር፣ እኛ የፈረድነው ኮምፒውተሩ ለእሷ ብለን ነው። ከፈረድን በኋላ ምን እንደፈረድን የማናውቅ ሆነን ተገኘን። እስቲ አስረዳን፤ ኮምፒውተር ምንድን ነው?"

ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃችኋለሁ። ስንት ዘመን ተማሪ ብቻ ጠይቄ ኖሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የምር የሚፈልገው ሰው ጠየቀኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ኮምፒውተር ማለት፣ አልኩ፣ ያስገቡለትን ተቀብሎ፣ አስልቶ፣ ውጤቱን መልሶ የሚያወጣ ማንኛውም መሣሪያ ነው።

"ወፍጮም እህል ተቀብሎ ዱቄት ያወጣል" አሉ ጋሽ ጌታቸው።

"ወፍጮ አያሰላም፣ ጋሼ።"

"ባለወፍጮውም አያሰላም። ባለፈው የእኔን ከሰው ጋር ቀላቅሎታል።"

ሸህ እንድሪስ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙንና "የዲሹ ሪሲቨርስ?" አሉኝ። እሱም ኮምፒውተር ነው አልኩ። "ሞባይሌስ?" እንዴታ! እንዲያውም የእርስዎ ሞባይል ውስጥ ያለው ራሱ ሊኑክስ ነው አልኳቸው፤ ይመር የናቀው የዚያ ጥቁር ሳጥን ወንድም። ሸህ እንድሪስ ሞባይላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ሳያስፈቅድ የገባ እንግዳ ያዩ ይመስል አገላብጠው አዩት። "አጃኢብ ነው" አሉ። እኔ ሞቀኝ። መኪና ውስጥ አለ አልኩ። ባንክ ቤት አለ አልኩ። ሰማይ ላይ ባሉት ሳተላይቶች ውስጥ አለ አልኩ። ለዓመታት ሳይጠፋ የሚሠራ ነገር ሲያስፈልግ ሰው የሚመርጠው እሱን ነው አልኩ። ዘይነባ በዓይኗ "በቃ" ትለኛለች፤ ማን አይቷት።

ይመር ቆይቶ ቆይቶ ተነሳ።

"መምህር፣ ሁሉም ኮምፒውተር ነው ካልክ፣ ላፕቶፑም ኮምፒውተር ነው?"

"ነ... ነው" አልኩ።

"ሰጥቻታለሁ። ጨረስኩ።"

ያን ጊዜ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያንን ሁሉ ያወራሁት ለዘይነባ ጠበቃ ሆኜ ነበር እኮ! "ተበላሽቷል እኮ ላፕቶፑ" አልኩ ተንተባትቤ።

"የሞተ ሰው ሰው አይደለም?" አለ ይመር።

"ሰው ነው" አሉ ሸህ እንድሪስ። "ግን ይቀበራል እንጂ ለውርስ አይሰጥም።"

ሰው ሳቀ። ይመር አልሳቀም። ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ፤ ሸህ እንድሪስም ከቀልዱ አልፈው ሊፈርዱ አልፈለጉም መሰለኝ፣ ሻያቸውን አነሱ። ያን ጊዜ ነው ዘይነባ ነጠላዋን አስተካክላ የተነሳችው።

"ሸህዬ፣ አንቱ ፈቅደውልኝ አንድ ነገር ልጠይቀው። ይመር፣ ሪያድ እያለህ አርብ አርብ ከማን ጋር ነበር የምታወራው?"

"ከአንቺ ጋር ነዋ።"

"በምን?"

ራሷ መለሰችው።

"ያኔ ደህና ሞባይል አልነበረኝም። ከጁምዓ በኋላ ሱቁን ዘግቼ እዚህች ሳጥን ፊት ነበር የምቀመጠው። ኔትወርኩ ይቆረጥ ነበር። መብራት ይሄድ ነበር። አንተም ስትናደድ ትዘጋብኝ ነበር። እሷ ግን ዘግታብኝ አታውቅም። ወላሂ፣ አንድም ቀን። አሁን የቴሌቪዥን ዕቃ ናት ትላለህ?"

ይመር ጋሪው ላይ ያለውን ሳጥን ተመለከተ። ለካ አያውቀውም! እሱ ከዚያ ማዶ ሆኖ የሚያየው ፊቷን ነበር፤ ፊቷን ያመጣለትን ሳጥን የት አይቶት። ከዚያ "ትውሰዳት" አለ። ቅድም "ይኼ ዕቃ" ሲለው የነበረውን ሳጥን አሁን እንደ ሰው በሴት መጥራቱን ማንም ልብ ያለው አይመስለኝም። ሊወጣ በሩ ጋ ደርሶ ደግሞ ዞረ።

"ላፕቶፑን ግን ለምን ጠላችው? እኔ እኮ ነኝ ያመጣሁላት።"

ዘይነባ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ሸህ እንድሪስ ተከትለውት ወጡና ትከሻውን ይዘው፣ እኛም እየሰማን፣ "አንድ ፍቺ ነው ያወጣኸው ልጄ። ኢዳዋ እስኪያልቅ በሩ ገርበብ ያለ ነው እንጂ አልተዘጋም" አሉት። ኢዳ የተፈታች ሴት ሌላ ሳታገባ የምትጠብቀው ጊዜ ነው፤ ባል እስከዚያ ሊመልሳት ይችላል።

ቴሌቪዥኑ ሄደ፣ ሲፒዩው ቀረ። እኔ ቤቴ የነበረ ትንሽ ስክሪን አምጥቼ ገጠምኩላት። ሳጥኗ፣ በጋሪ ተንገጫግጫ፣ ግቢ ለግቢ ተንከራታ፣ ስትከፈት አቤት አለች። ከዚያ በኋላ ሻይ ቤት የሚችለኝ ጠፋ። ትዳር ፈረሰ ሊኑክስ ግን አልፈረሰም እላለሁ። አለባቸው እያየኝ ሻዩን ሳይጨርስ ይነሳል። እንዲህ ስል ሰነበትኩ።

አንድ ቀን ጠዋት በሱቋ ሳልፍ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። በእጅ ነው የተጻፈው። "ፎቶ ኮፒ አለ። ጽሕፈት የለም። ኮምፒውተር ተበላሽቷል።"

ሁለቴ አነበብኩት። ስንት ዓመት ያልተበላሸ! ገብቼ "ምን ሆነ? ለምን አልጠራሽኝም?" ብላት ዘይነባ ቀና ሳትል "ይመር እያየው ነው" አለችኝ።

"ይመር? ማቀዝቀዣ ጠጋኙ ይመር?"

"ሲፒዩ ውስጥም ማቀዝቀዣ አለ እኮ፣ መምህር። ፋን አለው።"

ምን ልበል? እውነቷን ነው፣ ፋን አለው። ወሬው ከተማውን ሞላ፤ አለባቸው መንገድ አቋርጦ መጥቶ "እግዜር ይማረው" አለኝ። ቀን በቀን ላይ ተጨመረ፣ ወረቀቱ አልተነሳም። ባለጉዳይ እየመጣ ወደ ላይ ሰፈር ይዞራል፤ የዘይነባ ገበያ እየሄደ ነው። ይመር ከአሱር ሶላት በኋላ ይመጣል፣ ሲመሽ ይወጣል፣ በማግሥቱ ይመለሳል። ሰውየው ሳጥኗን እንደ በሩ ቁልፍ ፈትቶ ሊጨርሳት ነው አልኩ። በገበያ ቀን አላስቻለኝም፤ ሳላንኳኳ ገባሁ።

ይመር ወለል ላይ ቁጭ ብሏል። ሲፒዩው ተከፍቷል። ብሎኖቹን በሳህን ላይ በተርታ ደርድሯል፤ አቧራውን በጥርስ ብሩሽ ይጠርጋል፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ነው አያያዙ። ዘይነባ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በሞባይሏ መብራት ታበራለታለች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ፀሐይ ቤቱን ሞልቶት፣ እሷ መብራት ይዛ! የሪያድ ወሬ ያወራታል፤ ትስቃለች።

እኔ የእነሱን ወሬ ማን ፈልጎት? በቀጥታ ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ። የኤሌክትሪኩን ገመድ በእጄ ተከተልኩት፤ ግድግዳው ጋ ደረስኩ። ሶኬቱ ባዶ ነው። ገመዱ ጫፉ ተጠቅልሎ፣ በንጽሕና በላስቲክ ታስሮ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ድመት አትጠቀልለውም። የሰው እጅ ነው፤ ወረቀት ቆጥሮ በላስቲክ ማሰር የለመደ እጅ።

"ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ይኼማ..." ብዬ ገመዱን ላነሳ ስል አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። ይመር ነው፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ገብቷል።

"አይቼዋለሁ" አለኝ በሹክሹክታ።

"መቼ?"

"የጠራችኝ ቀን።"

"ታዲያ ምን ትሠራለህ እስካሁን?"

"እየጠገንኩ ነው" አለኝ። "ተወው መምህር፣ በአላህ።"

ከጠረጴዛው ሥር ወጣሁ። ዘይነባ ሞባይሏን አጥፍታ በሩ ጋ ቆማለች። ጉንጯ ቀልቷል፤ ድምጿ ግን ያው የባለጉዳይ ድምጿ ነው፣ "እውነትህን ነው?" የምትልበት።

"እህ፣ መምህር? ብልሽቱ ከባድ ነው አይደል?"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ስለ ሊኑክስ በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅም።

"በጣም ከባድ ነው" አልኳት። "ቶሎ አይጨርሰውም።"

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱን ሁሉ ሳስብ ሄድኩ። እኔ ያንን ሳጥን እንዳይበላሽ አድርጌ ሠርቼ ስኮራ ኖርኩ። የማይበላሽ ነገር ጥሩ ነው፣ አልክድም፤ ግን ሰው የሚጠራበት ምክንያት የለውም። ያ ሰው ከሪያድ ሲመጣ ቤቱ ውስጥ ሁሉ ነገር ያለ እሱ ይሠራ ነበር። ሱቁ ይሠራል፣ ሚስቱ ትሠራለች፣ ሳጥኗ ትሠራለች። መፍቻውን ይዞ የት ይቁም? ይህን ዘይነባ ገባት። እኔ መምህሩ ግን ገመዱን ልሰካ ነበር።

ኢዳዋ ሳያልቅ ይመር መለሳት። ሸህ እንድሪስ ዱዓ አደረጉ፣ ጋሽ ጌታቸው አሁንም ስለ ወፍጮው አነሱ። ቴሌቪዥኑ ተመልሶ ተሰቀለ፤ ሰው ማመልከቻ በክንድ ፊደል ማንበቡን ቀጠለ። ወረቀቱ ከበሩ በተነሳ ቀን ሳጥኗ እንደ ወትሮዋ ሳትጮህ ተከፈተች። ይመር የሱቁን አንድ ጥግ ይዞ የሰው ዕቃ ይጠግናል፤ የተበላሸ ዕቃ ብቻ። ላፕቶፑ ግን አልነሳም። ዘይነባ ዳንቴል አልብሳ መኝታ ቤቷ አስቀምጣዋለች አሉ።

እኔ ብቻ ነኝ የከሰርኩት። አለባቸው ባየኝ ቁጥር "ያ የማይቆመው ሊኑክስህ ያን ሰሞን ቆሞ አልነበር?" ይለኛል። አዎ ቆሞ ነበር እላለሁ፣ ሻዬን እጠጣለሁ። አሁን ለእናንተ የነገርኳችሁ ዘይነባ ራሷ "ንገራቸው፣ ምን አለበት" ብላ ስለፈቀደችልኝ ነው። እንግዲህ ሊኑክስ ይበላሻል ወይ ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ደፍራችሁ መልሱለት። ይበላሻል። ባለቤቷ የናፈቃት ሴት ቤት ከሆነ፣ ለጥገና የሚፈጀውን ቀን ማንም አያውቅም።